በማንኪያ ላይ የቀለጠው ጨው

ማዶ ቤት ለቅሶ ተቀምጠው ሳለ ባሂጃ የላምባ ምድጃዋን ለኮሰች። በኢራቅ ላይ ማዕቀቡ ከመጣ ወዲህ ባስራ ከተማ ውስጥ ላምባ በመከራ ነው የሚገኘው፤ እሷም ለሻይ ካልሆነ አትነካውም። ዛሬ ግን የጎረቤቷን ልጅ የሩቀያን ሬሳ ስታጥብ ያየችው ሰማያዊ ከንፈር አላስቀምጥ አላት።

የሩቀያ እናት ኡም ሙንዚር ከትናንት በስቲያ አንድ እፍኝ ነጭ ነገር ይዛ መጥታ ነበር።

«ሲት ባሂጃ፣ ባሌ የሚሠራበት ብረት ማጠንከሪያ ቤት ሲዘጋ በደሞዙ ፈንታ ይኼን በጆንያ ሰጡት። ጨው ነው እንዴ?»

ባሂጃ በምላሷ ነካ አደረገችው። «ጨው ነዋ! ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል?» ብላ ሳቀችባት። እሳት ላይ ልትሞክረው ስትችል ላምባዋን ሰሰተች። ያን ክረምት ያልሰሰተ ካለ ይፍረድባት።

አሁን ኡም ሙንዚር ትታላት ከሄደችው ከዚያው እፍኝ ማንኪያ ላይ አድርጋ እሳቱ ላይ ያዘችው። ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ስታስተምር ይህንኑ ነበር የምታሳየው። የስኳር ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚያያዙት በላላ ጉልበት ነውና ቶሎ ይቀልጣል። የገበታ ጨው ግን ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ አዮን ከየአቅጣጫው ጥብቅ አድርገው ስለሚሳሳቡ ስምንት መቶ ዲግሪ ይፈልጋል፤ የላምባ እሳት አይፈታውም።

ማንኪያው ላይ ያለው ቀለጠ። እንደ ውሃ ጠራ። ብረት ማጠንከሪያ ቤት አቅልጠው ብረት የሚነክሩበት ሌላ ጨው ነው፤ ኔጋቲቩ ትልቅ ስለሆነ ተጠጋግቶ አይያዝም፣ በቀላሉ ይለቃል። የሚበላ አይደለም፤ ደም አየር እንዳይሸከም አድርጎ ከንፈር የሚያሰመያይ መርዝ ነው።

ማንኪያውን እንደያዘች መንገዱን ተሻግራ ሮጠች። ግቢው ውስጥ ለለቀስተኛው ባቄላ ተጥዷል፤ ጆንያው አጠገቡ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

«ድስቱን አውርዱ! ማንም እንዳይቀምስ!»

«ምን ነካሽ ሲት? በሰው ለቅሶ!» አለች የምታማስለው አሮጊት።

«ጨው አይደለም። ልጅቷን የገደላት እሱ ነው። ጨው ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ላምባ ሰስቼ ሳልሞክረው።»

አሮጊቷ ድስቱን መሬት ላይ ደፋችው። ኡም ሙንዚር ከምንጣፉ ተነስታ መጣችና ማንኪያውን አየች። የቀለጠው መልሶ ረግቷል፤ ነጭ ነው፣ አሁንም ጨው ይመስላል።

«የዚያን ማታ ሽንብራው አልጣመኝም አለችኝ» አለች ቀስ ብላ። «ጨምሪልኝ አለችኝ። ጨመርኩላት።»