የአባባ ሣጥን ክዳን

ያ ባለ ባንዲራ አስጎብኚ ገና ከበር ላይ ሲስቅ ደሜ ይፈላል። «እትዬ ዩልያን፣ ዛሬ ሠላሳ ሰው ይዣለሁ። ፎቁንም ያሳዩናል አይደል?» አለኝ።

«ፎቁ ምን ያደርግላችኋል? የተቀረጸው እንጨት ሁሉ ያለው ታች ነው!» አልኩት። ማን ሰምቶኝ! ግማሾቹ ደፉን ተሻግረው ስልካቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረዋል።

ፎቁ ላይ አባባ ይኖራሉ፤ ከክፍላቸው በር ፊት ለፊት ደግሞ ሣጥናቸው አለ። ሰባ ሲሞላቸው እንደ አገራችን ደንብ በቁማቸው አሠራሁላቸው። ዕድሜ ያረዝማል ይባላል፣ እውነትም ይኸው ሰማንያ ስድስት ገቡ። በየዓመቱ መጸው ላይ ጥቁር ቀለም አስቀባዋለሁ። ሰሞኑንም ከላይ ደርቆ ጠርዙ ገና ስለሚያጣብቅ፣ ክዳኑን ወደ ጎን ገፋ አድርገን ትተነዋል። ለኛ የቤት ዕቃ ነው። ለከተሜ ግን የሬሳ ሣጥን ነው፤ አምና አንዲት ሴት አይታው እየጮኸች ስትወርድ ደረጃው ላይ እግሯ ወለም አላት፣ ወቀሳው ለኔ ተረፈ።

ስለዚህ ጎረቤቴን ጉይፋን ጠርቼ ቀድሜያቸው ሮጥኩ። ሣጥኑ ሥር የቆመውን የቀለም ቀቢውን መወጣጫ ዱካ በእግሬ ገፋ አደረግኩ፤ ክዳኑን በጥድፊያ ግራና ቀኝ ይዘን ገፋነው፣ ድም ብሎ ገጠመ። የአልጋ ልብስ ጣል አደረግንበት።

«ገበታ መሰለ እኮ! ሻይ እናቅርብበት?» ብላ አሾፈች ጉይፋ። እኔም ሳቅኩ። ምን አሳቀኝ!

እንግዶቹ ወጡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ተንጫጩ፣ ሄዱ። የሩዝ ገንፎና የቀርከሃ ቡቃያ ወጥ ይዤ ወደ አባባ ክፍል ገባሁ። የሉም። ምርኩዛቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። «ደግሞ የት ሄዱ እኚህ ሰውዬ!» ከዚያ ግን ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ምርኩዛቸውን ረስተው ኩሬው ዳር ነበር የተገኙት። የገንፎውን ሳህን ጥዬ በረርኩ።

ኩሬው ዳር ሥዕል የሚማሩ ልጆች ነጫጭ ግድግዳዎቻችንን ይስላሉ። «ሰማያዊ ኮት የለበሱ ሽማግሌ አላያችሁም?»

«ኧረ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነን፣ ማንም አልመጣም እማማ።»

አላመንኳቸውም። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ሥሩ አይታይም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ጉይፋ እያለከለከች ደረሰች።

«ተረጋጊ እንጂ አንቺ ሴትዮ! አልመጡም አሉሽ አይደል? ቤት ውስጥ ናቸው። ጠዋት ምን አልሻቸው?»

ምን አልኳቸው? ሁሌ የምለውን። እንግዳ ሲመጣ አባባ እጁን እየጎተቱ «ቤቴ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ይሉታል፣ እኔ አፍራለሁ። «አባባ፣ ሰዎቹ እስኪሄዱ ዞር ይበሉልኝ። ትንፍሽ እንዳይሉ!» ነበር ያልኳቸው።

ቤቱን ከታች እስከ ላይ ለሰው ከፍቼ፣ የት ነው ዞር የሚሉት?

ጉይፋ ፊቷ አመድ መሰለ። «ዩልያን... ያ ዱካ...» አለች።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ክዳኑን ከገጠምነው አንድ ሰዓት አልፎታል። የአልጋ ልብሱን ወረወርኩት፤ ክዳኑ አልነቃነቅ አለ፣ የጠርዙ ቀለም ይዞታል። ጥፍሬ ተገነጠለ። «አባባ! አባባ!» መልስ የለም። «ገደልኳቸው! በገዛ እጄ ገደልኳቸው!» እያልኩ ሣጥኑን በጡጫ ደበደብኩ። ጉይፋ ከጓዳ ብረት አምጥታ ስንጥቁ ውስጥ ሰካች፤ ሁለታችንም ተጫንነው፣ ተላቀቀ።

አባባ በጎናቸው ተጋድመዋል። ላብ አጥምቋቸዋል፤ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ጥርቅም አድርገው ይዘዋል። ዓይናቸው ብርሃኑን ሲያይ ተርገበገበ።

«ለምን አልጮሁም?» አልኩ። «አባባ፣ ለምን አልጠሩኝም?»

እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ቀስ ብለው አነሱና በሹክሹክታ ጠየቁኝ፤

«ሄዱ?»