የአሥራ ሁለት ምት አማካይ

ሲስተር «ፈዛዛው» ትለኛለች፤ አልቀየማትም። የጽኑ ሕሙማን ክፍል የማሽን ጠጋኝ ነኝ፤ አንድ ማሽን ፊት ከቆምኩ ደርቄ እቀራለሁ። ከሁሉም የምወደው የደም ግፊት ሞገድ ነው። በሕመምተኛው የእጅ አንጓ በኩል ወደ ደም ቅዳው ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ልብ በመታ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንድ ጉብታ ይወጣና ይወርዳል።

ሦስት ቁጥር አልጋ ላይ የተኛው ከመወጣጫ ወድቆ ሆዱን ቀዶ ጥገና የተደረገለት አናጢ ነበር። የአልጋው ማሽን ስክሪን ስለተቃጠለ ሞገዱን የምናየው ጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒውተር፣ እኔ በጻፍኩት ፕሮግራም ነው። ችግሩ፣ አልጋው በተነካ ቁጥር ቱቦው ይንቀጠቀጣል፤ ሞገዱ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ማንቂያው ይጮኻል።

«አንተ ፈዛዛ፣ ይህን ጩኸት ካላስቆምክልኝ ማሽኑን ትቼ አንተን ነው የምነቅለው!» አለች ሲስተር።

ፕሮግራሙን አሥራ ሁለት ምት እየደመረ አማካዩን እንዲስል አደረግሁት። ንቅጥቅጡ ጠፋ። ጉብታዎቹ እንደ መንትዮች እኩል ሆኑ፤ ግፊቱም መቶ ሰባት ላይ ቆመ።

«እጅህ ይባረክ!» አለችኝ። እውነት ለመናገር፣ እኔም ማማሩን ቆሜ ሳይ ቆየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሯ ሰውየውን ከሰዓት በኋላ ከመተንፈሻ ማሽኑ እንደምታላቅቀው ተናገረች። የልቡ ምት በደቂቃ መቶ ሃያ ቢደርስም ከቁስሉ ሕመም የመጣ ነው ተባለ። ታላቅ እህቱ ግን እጁን ይዘው አልለቅ አሉ።

«እጁ በረዶ ሆኗል።»

«እትዬ፣ ግፊቱ እኮ ጥሩ ነው፤ ይኸው» አለች ሲስተር ኮምፒውተሩን እያሳየች።

«እኔ ስለ እጁ ነው የነገርኩሽ፤ ስለ ቴሌቪዥኑ መች አወራሁ?»

ሲስተር ሳቀች። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ፕሮግራሙ ያልተነካውን ጥሬ ሞገድ ለብቻው ያስቀምጣል፤ ከፈትኩት። አሁን ፈጣኑን ንቅጥቅጥ ብቻ አጣርቼ የጉብታዎቹን ቁመት ሳልነካ ተውኩ። መቶ አሥራ ስምንት፣ ቀጥሎ መቶ አምስት፣ ቀጥሎ ዘጠና ስድስት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ። መተንፈሻው አየር በገፋ ቁጥር ጉብታዎቹ ያድጉና ያጥራሉ። ሥልጠና ላይ ተነግሮናል፤ እንዲህ ሲዋዥቅ ሰውየው ደም ጎድሎት ሊሆን ይችላል። መተንፈሻው በደቂቃ ሃያ ጊዜ ይገፋል፤ ልቡ መቶ ሃያ ጊዜ ይመታል። አሥራ ሁለት ምት ማለት ልክ ሁለት ትንፋሽ ነው። ከፍታውንና ዝቅታውን ደምሬ ለጥ አድርጌዋለሁ።

ፕሮግራሙን ድምፄን አጥፍቼ ብመልሰውስ? ማንም አያውቅም። ግን ያኔ ዶክተሯ ለምን ያህል ጊዜ እንደተሸወደች አታውቅም። ሞገዱን ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ፣ ታቅፌው ወደ ዶክተሯ ሄድኩ።

«ዶክተር፣ ይህን ይዩልኝ። ትናንት የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«መዋዠቁን።»

አየችው። ሄዳ የሰውየውን ጥፍር ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ ቅላቱ ቶሎ አልተመለሰም። አልትራሳውንድ አስመጣች። ሆዱ ውስጥ ደም ነበር። ወዲያው ደም ተሰቀለለት፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ተገፋ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የቀየርከው?» አለችኝ ዶክተሯ ከአልጋው ኋላ እየተከተለች።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት።»

«መዝገቡ ላይ ጻፈው። ከነስምህ።»

ጻፍኩ።

ኮሪደሩ ላይ እህቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ቆምኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ የምትደማዋን የደም ሥር እንዳሰሯት፣ ግፊቱም እንደተረጋጋ ነገረንና ተመለሰ።

«መድማቱን ያገኘኸው አንተ ነህ አሉኝ፣ ልጄ» አሉ እህቱ።

«የደበቅሁትም እኔ ነኝ፣ እትዬ።» ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ወንድሜን ልትገድለው ነበር በለኛ!»

«አዎ።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ከጎናቸው ካለው ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አነሱ።

«ተቀመጥ። እስኪነቃ የትም አትሄድም።»