ዘውገ ደጅ የመጡ ደንበኞች

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ፣ አለሙ በተገደለ በሦስተኛው ቀን፣ አባቱ ዘውገ እንደ ወትሮው ከደጁ ካለችው ዳስ ገብቶ መሮውን አነሣ። ሬሳው አልተሰጣቸውም። የልጁ እኩያ የሆነው የቀበሌ ሹም መጥቶ፣ "ዋይታ ከተሰማ፣ ጥቁር ከተለበሰ፣ ለቀስተኛ ከተሰበሰበ ተጠያቂው አንተ ነህ" ብሎት ሄዷል። ዘውገ "እሺ" ብሎ ነበር።

የዘውገ ሥራ ከእንጨት ትንንሽ ቅርጽ ማውጣት ነው፤ ከዋንዛ በሬ፣ ከወይራ ፈረስ፣ ከጥድ እርግብ። ያን ሰሞን ያላለቁ አሥራ ምናምን ነበሩት። በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃቸው፣ በሰም ያሻቸው ገባ። እጁ ሥራውን ያውቃል፤ ልቡ የት እንዳለች እንጃ። ሚስቱ፣ ትሁን፣ ምግብ ስታቀርብ ይበላል፣ ስታነሣ ይተዋል። የወይራ ስንጥር መዳፉ ገብቶ ሲደማ እንኳ ያየችው እሷ ናት።

ረፋዱ ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ውዴ መጡ።

"እንደምን አደርህ፣ ዘውገ። በሬ ላሠራ ነበር።"

"ከምን እንጨት ላድርግልዎ?"

"ደስ ካለህ እንጨት።"

ከበርጩማው ተቀምጠው አንዱን ያላለቀ እርግብ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሡና "በል፣ ደኅና ዋል" ብለው ወጡ።

ከሳቸው ሌላ መጣ፤ ከሱም ሌላ። ማክሰኞ ወዳጁ አያሌው ከአንበሳሜ ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ ፈረስ እፈልጋለሁ አለና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠ። መሣሪያ ያነገተ የቀበሌ ጠባቂ ብቅ ብሎ፣ "እዚህ ምን ትሠራለህ?" ሲለው፣ አያሌው ቀና ሳይል "ዕቃ ላሠራ ነው" አለ። ጠባቂው ሄደ።

ዓርብ ማታ ዘውገ እጁን እየታጠበ፣ "ሰዉ ምን ነካው?" አለ። "በዚህ ክረምት ማን በሬ ይፈልጋል?"

ትሁን ውሃውን ማፍሰሷን አቆመች። "ልቅሶ ሊደርሱህ እኮ ነው የሚመጡት፣ ዘውገ።"

ዘውገ እጁን አደረቀ። እንባ ይመጣ እንደሁ ጠበቀ፤ አልመጣም።

"እንግዲያ ዕቃውን የሚፈልገው የለማ" አለ።

"የለም።"

ቢሆንም ሁሉንም ጨረሰ። በመስከረም በየቤቱ እየዞረ ሰጣቸው። እትዬ ውዴ በሬውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ምንም አላሉም።

የመጨረሻው የአያሌው ፈረስ ነበር። አንበሳሜ ሲደርስ አያሌው ወደ ጓዳ አስገባው፤ ፈረሱን አየና መደብ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ" አለ።

ልጁ ከሞተ ወዲህ ይህን ቃል አፍ አውጥቶ ያለው ሰው አልነበረም።

"አሜን" አለ ዘውገ።

ጠላ ቀረበለት፤ ጠጣ። መንገዱ ሩቅ ነውና ሳይመሽ ተነሣ።