ለማን ነው የምትነግረው

የአርታኢዋ ሥራ የምሁራንን ጽሑፍ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ነው። ዩኒቨርሲቲው ጥናቱ ሁሉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ መቅረቱ ቢያሳስበው፣ በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ አንድ ገጽ ይውጣ ብሎ ከመጋዘኑ አጠገብ ጠባብ ቢሮ ሰጣት። ምሁር ደግሞ ነገር ካቀለለ ዲግሪውን የሚነጥቁት ይመስለዋል። የእሷ መላ አንድ ነው፤ "ለማን ነው የምትነግረው? አንድ ሰው ምረጥ" ትላለች።

የመርሳት በሽታን የሚያጠናው ዶክተር አክስቱን መረጠ። ያሳደገችው እሷ ናት። ጽሑፉ ጥሩ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ተገተረ። "የማስታወስ አቅም መዳከሙ ኢ-ተቀልባሽ አዝማሚያ ያሳያል" ይላል። ሰረዘችው፤ መልሶ ጻፈው። ደግማ ሰረዘችው፤ ደግሞ ጻፈው።

"ዶክተር፣ ይሄ ለአክስትህ ይገባታል?"

"አይገባትም።"

"ታዲያ ምን ሙጭጭ አደረገህ?"

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። "እትዬ፣ አክስቴ የጻፍኩትን ሁሉ ታነባለች። አንዱም ገብቷት አያውቅም፤ እንደዚያው በሰላም ኖረናል። ዘንድሮ ቁልፏን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ጀምራለች። ድካም ነው እላታለሁ።"

አርታኢዋ ክው አለች። ስንቱን ምሁር በዚህ ጥያቄ ስታፋጥጥ ኖራ፣ መልሱ ሰው ያማል ብላ አስባ አታውቅም። አፈረች።

"በቃ ተወው፣ እንዳለ ይውጣ" አለችው። እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

እሱ ግን ወረቀቱን አልለቀቀም። "መዋሸቱም ሰልችቶኛል" አለና፣ የገዛ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዞ ከበላዩ "የተረሳው አይመለስም" ብሎ ጻፈ።

ጋዜጣው በወጣ ማግስት ቢሮዋ መጥቶ ተቀመጠ።

"አነበበችው?"

"ትናንት ጠዋት ደወለችልኝ። 'አሁን ገና ሰው የሚገባው ነገር ጻፍክ' አለችኝ። ከዚያ 'ስለ እኔ ነው አይደል?' አለች። አዎ አልኳት። አለቀሰች። ብዙ አወራን።"

"እሰይ፣ ተገላገልክ።"

"ማታ ደግሞ ደወለች። 'አንተ ልጅ፣ ጋዜጣ ላይ ወጥተሃል፤ አይተኸዋል?' አለችኝ።"

አርታኢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ምን አልካት?"

"አላየሁትም አልኳት። ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችልኝ። ስትጨርስ 'ስለ እኔ ነው አይደል?' አለችኝ።"