የግራ ጎኔ ጠባሳ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን ያወጣው መልአክ ግን የዚያን ዕለት ሥራ በዝቶበት ነበር መሰለኝ፣ ትህትና ብሎኝ ሄደ። ጂንካ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ በዚህ ሲስቅብኝ ይኖራል። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ይኼንንም የማወራችሁ ስምንት ዓመት ሙሉ ተናድጄ፣ ንዴቱ አልወጣልኝ ብሎ ነው።

ኮማንዶ መሆን ነበር የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው ማመልከቻ ሳባዛ እውላለሁ። ማለዳ ማለዳ ደግሞ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ፣ በሚግጡት ከብቶች መሀል እየተሽሎኮሎኩ እሮጣለሁ። እንጨት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ቆም ብለው ያዩኝና፣ ይቺን ልጅ ማን እያሳደዳት ነው ብለው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ።

መጀመሪያ በተመዘገብኩበት ዓመት ሚዛን ላይ ስወጣ አርባ ሰባት ኪሎ ሆንኩ። ሃምሳ ያልሞላ አይታለፍም ተባልኩና ተመለስኩ። ያንን ዓመት ሙዝና ቆጮ ስጠቀጥቅ ከረምኩ፤ ሙዝ ካየሁ እስከ ዛሬ ሆዴ ይገለበጣል። በሁለተኛው ዓመት ኪሎው ሞላ፣ ሦስት ሺህ ሜትሩን ስሮጥ ግን በአሥራ አንድ ሰከንድ ዘገየሁ። በአሥራ አንድ ሰከንድ! ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ አፍንጫውን እንኳ ተናፍጦ አይጨርስም። ሦስተኛው ዓመት ሲመጣ ሃያ ሁለቴን ደፍኛለሁ፤ የዕድሜው ጣሪያም ሃያ ሁለት ነው። ዘንድሮ ካላለፍኩ አበቃ ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት ሁሉንም አለፍኩ። ኪሎዬ ሃምሳ ሦስት፣ ቁመቴ አንድ ሜትር ከስድሳ አራት። ሩጫውን ከሴቶቹ ሁለተኛ ሆኜ ጨረስኩ፤ አንደኛ የወጣችው ቤዚ የምትባል የቀይ አፈር ከተማ ልጅ ናት። ያን ሌሊት እኔ ቤት አደረች፣ ስለ ማሠልጠኛው ስናወራ አመሸን። የቀረን የማክሰኞው የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ከጤና ምን ይወጣልኛል ብዬ ተኝቻለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ካለፍን በዚያው ልንሄድ ሻንጣችንን ይዘን ወደ መመዝገቢያው ግቢ ሄድን። መርማሪያችን ሻምበል ፍሥሐ የሚባል የጦር ሐኪም ነበር። ጎልማሳ ነው፣ አይቸኩልም፣ አይቆጣም። ዓይኔን አየ፣ ጆሮዬን አየ፣ ጥርሴን ቆጠረ። እግሬን ውሃ አስነክሮ ወረቀት ላይ አስረገጠኝና፣ ጠፍጣፋ እግር አይደለም፣ ጥሩ ነው አለ። ከዚያ አልጋው ላይ አጋደመኝ፤ ነርሷ ሸሚዜን ከሆዴ ገለጥ አደረገች። ከግራ ጎድኔ በታች ጣት የምታህል ጠባሳ አለችኝ። ሻምበሉ ጠባሳዋን ዳሰሳት፣ ተመልሶም ከጤና ጣቢያ ያመጣሁትን የሕክምና ታሪክ ወረቀት አነበበ።

«በሕፃንነቷ ሆዷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል ይላል» አለኝ። «ሆዱ የተከፈተ ሰው ለዚህ ክፍል አንወስድም።»

ክው አልኩ። ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ጠባሳዋ የተኩስ ናት፤ ሕፃን ሆኜ ጣፊያ ነበረብሽ ተብዬ የባህል ሐኪም በጋለ ብረት ተኩሶኛል። ይኼን የነገረችኝ እናቴ ራሷ ናት። ታዲያ ቀዶ ጥገናው ከየት መጣ ብትሉ፣ እሱም ከእናቴ ነው የመጣው።

እናቴ ጥሩብርሃን ትባላለች። አባቷ ከመንዝ በፖሊስነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው፤ እሷም ከዚህ አገር ወጥታ አታውቅም። በወረዳው ውስጥ እየዞረች ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ማስተማር ሥራዋ ነው። እንጥል አታስቆርጡ፣ ቅንድብ አትብጡ፣ ሕፃን አትተኩሱ እያለች አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየገበያው ጮሃለች። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ታይፎይድ ይዞኝ ጤና ጣቢያ ስትወስደኝ፣ ያከመኝ ልጅ ጠባሳዬን አይቶ ምንድን ነው ሲላት፣ የሷን ልጅ ተኮሷት እንዳይባል ቀዶ ጥገና ነው አለችው። እሱም ባለችው መሠረት ጻፈ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት የኔ እናት ናት።

ለሻምበሉ ሁሉንም ነገርኩት። ጠባሳዋን ደግሞ አየና፣ እሱም የስፌት ምልክት እንዳላየባት ተናገረ። ወረቀቱን ግን በእኔ ቃል ብቻ መሰረዝ አይችልም። ያኔ ቃሏን የሰጠችው ሰው መጥታ ታስተካክል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ይዘጋል አለኝ። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር።

የእናቴ ስልክ አይሠራም። ማክሰኞ የአልዱባ ገበያ ነው፤ እሷም በመሥሪያ ቤቱ መኪና ገና በጠዋት ወደዚያው ወርዳለች። ጎረቤታችን ዮሲ ሞተር አለው። ከቁርሱ ላይ አስነሥቼ፣ አፉን እንኳ ሳይጠርግ ይዤው ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ እየተብሰከሰኩ ነበር። ለእሷ ውሸት እኔ ልክፈል? ሦስት ዓመት የሮጥኩት ለዚህ ነው?

አልዱባ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። እናቴ ከግራሩ ሥር ቆማ፣ ድምፅ ማጉያውን ይዛ፣ ቅቤና ማር ይዘው ለተቀመጡ የበና ብሔረሰብ ሴቶች ትናገራለች፤ አንድ ልጅ ከጎኗ ያስተረጉማል። ምን እያለች ነበር መሰላችሁ? ሕፃን ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ እንጂ ወደ ብረት አትሩጡ ነው የምትለው። ጨጓራዬን ላጠችው። እጇን ይዤ ከሰው መሀል አወጣኋትና የሆነውን ነገርኳት።

ትቆጣለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ተይው ልጄ፤ ይኼን ነገር ባትነካኪው ነው የሚሻለው» አለችኝ።

ለእኔ የሚሻለኝን እኔ አውቃለሁ፣ የሚሻለው ላንቺ ነው፣ ደሞዝሽን ፈርተሽ ነው አልኳት። እዚያ ላይ አላቆምኩም። ካልመጣሽ ድምፅ ማጉያውን እቀማሽና ጠባሳዬን ለዚህ ሕዝብ አሳያለሁ አልኳት። አፌን በቆረጠው! ተርጓሚው ልጅ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ በናዎቹ አማርኛው ባይገባቸውም ቁጣው ገብቷቸው ያዩናል። እናቴ ድምፅ ማጉያውን ለልጁ ሰጠችው፣ ነጠላዋን አጠበቀችና ተከተለችኝ።

ሞተሩ ላይ ሦስት ሆነን ወጣን፤ ዮሲ፣ እናቴ፣ ከኋላ እኔ። አቧራውና ነፋሱ አፌን አልዘጋውም። ጆሮዋ ሥር ሆኜ ወረድኩባት። ዕድሜሽን ሙሉ ግማሹን ተናግረሽ ግማሹን ስትውጪ ኖረሻል፣ ዛሬ እንኳ አንዴ እውነት ተናገሪ፣ አንድም ነገር እንዳታስቀሪ አልኳት። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያዘግም ብቻ አንገቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ሁሉንም ልንገረው?» አለችኝ።

ሁሉንም ንገሪው አልኳት።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ሻምበል ፍሥሐ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት፣ «እናቴ፣ ይቀመጡ» አላት። እሷም ተቀመጠችና ቀዶ ጥገና የሚለውን እኔ ነኝ ያስጻፍኩት፣ ውሸት ነው፣ በጋለ ብረት ነው ያስተኮስኳት አለች። በምን ሥራ ላይ እንዳለችም አልደበቀችም። ሻምበሉ አልፈረደባትም፤ ቀዶ ጥገና የሚለውን ሰርዞ ከጎኑ ፈረመበት፣ እሷንም አስፈረማት። እኔ ደስታዬን የት ልጣለው! እንደዚያ ቀን እናቴን ወድጃት አላውቅም። ልስማት ሁሉ ፈልጌ ነበር፣ ቤዚ በመስኮት እያየችን አፈርኩ።

ከዚያ ሻምበሉ ፎርሙ ላይ የሚሞላው አንድ ቦታ ቀረው። የተተኮሰችው በምን ምክንያት ነው ብሎ ጠየቀ። ጣፊያ ነው ብዬ ቀደምኳት። እሳቸውን ነው የጠየቅኩት አለኝ።

እናቴ ጣቶቿን ታፍተለትል ጀመር። መልስ በመስጠት ፈንታ፣ እነዚህ ልጆች ከአውሮፕላን ይዘላሉ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እዚያ ደረጃ የደረሱት አዎ ይዘላሉ አላት።

«ጣፊያ አልነበረባትም» አለች እናቴ። «ይጥላት ነበር።»

ምንድን ነው የምትይው ብዬ ተነሣሁ፤ ሻምበሉ በእጁ አስቀመጠኝ። እናቴ ወደ እኔ ሳታይ ለእሱ ነገረችው። ሦስት ጊዜ ነው የጣለኝ። መጀመሪያ በስምንት ወሬ፣ ኋላም ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሁለት ጊዜ። እንቀጠቀጣለሁ፣ አረፋ እደፍቃለሁ፣ ዓይኔ ይገለበጣል። በሦስተኛው ጊዜ ወንዙ ሞልቶ መኪና አያልፍም ነበር፤ ሞተች ብላ ስትጮህ ጎረቤት የባህል ሐኪሙን ጠራላት። ተኩሱ አዳናት አልልም፣ ግን ከዚያ ወዲህ መጥቶባት አያውቅም አለችው።

ሻምበሉ ትኩሳት ነበራት ወይ ብሎ ጠየቃት። ሁለቱን ጊዜ ወባ ይዟት ትኩሳት ነበራት አለች። ሦስተኛውንስ ሲላት፣ ዞራ አየችኝ።

እባክሽ፣ አዎ ትኩሳት ነበራት በዪ፣ አንዲት ቃል ናት! እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ በዓይኔ እለምናት ነበር። እሷ እንደሆነች ለጤና ጣቢያ ዋሽታለች፣ ለእኔ ዋሽታለች፤ አንዲት ብትጨምር ምን ነበረበት?

«አልነበራትም» አለች። «በር ላይ እየተጫወተች ነበር።»

ሻምበሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ብዙ ልጅ በሕፃንነቱ እንዲህ ሆኖ ሲያድግ እንደሚተወው፣ እኔም ምናልባት ጤነኛ እንደሆንኩ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ያለ ትኩሳት ጥሎት የሚያውቅን ሰው ግን የነርቭ ሐኪም መርምሮ ካልመሰከረለት ሊያሳልፍ አይችልም። የነርቭ ሐኪሙ አዲስ አበባ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው ስምንት ሰዓት ነው። በሚቀጥለው ዓመት እኔ ሃያ ሦስት ነኝ። ከስሜ ፊት ለፊት አላለፈችም ብሎ ጻፈ።

ግቢው ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ እናቴ ላይ ጮህኩባት። ለምን ዛሬ? ሃያ ዓመት ደብቀሽ ለምን ዛሬ? ጤና ጣቢያ የዋሸሽውን ምላስ ምን ያዘው? እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ በኋላ ነው የነገረችኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አንድ ልጅ ነገሩን ቢሰማ አጠገቤ የሚቀመጥ አይኖርም ነበር፤ ለሃጯ ይጋባል ብለው በአንድ ዕቃ ውሃ አያጠጡኝም፤ የሚያገባኝም አይኖርም። ለሥራዋ ብላ አልነበረም የዋሸችው፤ ተኩስ ነው ብትል ለምን ተተኮሰች መባሉ አይቀርም ነበር። እኔ ለሥራዋ ነው ብዬ አልዱባ ገበያ ላይ ያዋረድኳት ለካ ለእኔ ነው።

«እዚህ ምድር ላይ ቢጥልሽ እኔ አነሣሻለሁ» አለችኝ። «ከሰማይ ላይ ቢጥልሽስ፣ ማን ይይዝሻል?»

ስምንት ሰዓት ላይ ስም ተጠራ። ቤዚ አውቶቡሱ ላይ ወጥታ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ፤ እኔም እጄን አነሣሁ። እናቴ ሻንጣዬን ይዛ ቆማ ነበር፤ ልቀበላት ብል አልሰጥም አለችኝ፣ እስከ ቤት ድረስ ተሸክማው ሄደች።

ወታደር አለመሆኔ ያናድደኛል፣ አልዋሽም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን እዚያ ያደረስኳት እኔ መሆኔ ነው። አልዱባ ሳለች ተይው አለችኝ። ዋሺልኝ ብላት፣ ጣፊያ ነው በዪልኝ ብላት፣ ምናልባት እንደ ልማዷ ትዋሽልኝ ነበር። በሞተር ጭኜ፣ ጆሮዋ ሥር ጮሄ፣ እውነቱን ንገሪ ያልኳት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ። አንድም ቀን ጥሎኝ አያውቅም።