ሠላሳ አንድ ሺህ ሰላምታ

1.

31,206።

ዓርብ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በኢሜይል ሰርቨራችን ላይ ወረፋ ይዘው የቆሙ መልእክቶች ቁጥር ነው። በደህና ቀን አሥር አይሞሉም።

2. ማን ማን ነን

ምንታምር እባላለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬያለሁ፤ ትዕግሥት አልተማርኩም። የምሠራበት ቤተ ሙከራ ከአሥራ ዘጠኝ ጤና ጣቢያዎች የደምና የአክታ ናሙና ይቀበልና ውጤቱን በኢሜይል ይመልሳል። ሰርቨሩን ለአሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ጋሽ ደምለው በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ኃላፊያችን፣ እሳቸው በእጃቸው የሚሠሩትን ክትትል የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲሠራው አድርጊ አለኝ። ሁለት ቀን ይበቃኛል አልኩት።

3. ጋሽ ደምለው በእጃቸው የሚሠሩት

ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ለአሥራ ዘጠኙም ጣቢያ «እንደምን አደራችሁ?» ብለው ይጽፋሉ። መልስ ሲመጣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። የዘገየ ካለ ይደውላሉ።

በቃ።

ስቄያለሁ። ደብተሩን ሳገላብጥ ግን ሳቄ ቀነሰ። መስመር የተቆረጠበት፣ ሰርቨሩ የሞላበት ቀን ሁሉ አለ። አንድም አላመለጣቸውም።

4. መመሪያ፦ የኢሜይል ሰርቨር ክትትል እንዲህ ይዘረጋል

ፕሮግራሙ በየግማሽ ሰዓቱ ለየጣቢያው የሙከራ መልእክት ይላክ። መልሱ የፈጀውን ጊዜ ይመዝግብ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልመጣ ደግሞ ይላክ። አሁንም ካልመጣ ማስጠንቀቂያ ይላክልኝ።

በምን? በኢሜይል።

(እዚህ መስመር ላይ ምልክት አድርጉ። እኔ አላደረግኩም።)

ለሙከራው መልእክት ቃል አስፈለገኝ። የጋሽ ደምለውን ወሰድኩ።

5. ማክሰኞ፣ ቢሮ ውስጥ

ጋሽ ደምለው፦ «እናንተስ?» ሲሉት ምን ይላል?

እኔ፦ ማን?

ጋሽ ደምለው፦ ፕሮግራምሽ።

እኔ፦ ምንም። ማሽን ነው።

ጋሽ ደምለው፦ ሰው «እናንተስ?» ብሎ ጠይቆሽ ዝም ትያለሽ? ይቀየማሉ። ከተቀየሙ አይመልሱልሽም። ካልመለሱልሽ ምኑን ልትለኪ ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ የመሐንዲስ ጥያቄ ነበር። ሁለት መስመር ጨመርኩ፦ መልስ ለጻፈ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እናንተስ?» ይባልለት።

6. ረቡዕ

ሲስተር እንይሽ ደወለችልኝ። የሸንበቆ ወንዝ ጤና ጣቢያ ብቸኛ ነርስ ናት። ከሰዓት በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ እንዴት እንዳደረች የሚጠይቃት ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች። አልመልስም እንዳትል ጋሽ ደምለው ናቸው፤ ልመልስ እንዳትል ቁስሉን ማን ይጠብላት?

ኮምፒውተሩ ራሱ ይመልስልሽ አልኳት። እንዴት እንደሚደረግ በስልክ አሳየኋት። ለመጣው መልእክት ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ?» እንዲል አደረግነው። አራት ደቂቃ ፈጀብን። መርቃኝ ስልኩን ዘጋች።

7.

እንደምን አደራችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ?

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እናንተስ?

እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ?

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እናንተስ?

እግዚአብሔር

8. ዓርብ፣ እንዴት እንደታወቀ

በእኔ ፕሮግራም አይደለም። ጋሽ ደምለው እንደ ልማዳቸው ሰዓታቸውን ፈትተው፣ ሰላምታቸውን ጽፈው ጠበቁ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ማንም አልመለሰም።

«አሥራ ዘጠኝ ጣቢያ በአንድ ቀን አይቀየመኝም» አሉ።

ያኔ ነው ሰርቨሩን የከፈትኩት። ሁለት ማሽኖች ሁለት ቀን ሙሉ ደህንነታቸውን ሲጠያየቁ ከርመዋል። የሸንበቆ ወንዝ መስመር ቀርፋፋ ስለሆነ መልስ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ፕሮግራሜ ደግሞ ይጠይቃል። ማስጠንቀቂያዎቼስ? ምልክት ያደረጋችሁበትን መስመር ተመልከቱ። ሦስት መቶ አሥሩም፣ የጋሽ ደምለው የጠዋት ሰላምታም፣ እዚያው ወረፋ ውስጥ ተሰልፈዋል።

9. ከወረፋው መሀል፣ ሰላምታ ያልሆነ አንድ መልእክት

የተላከው፦ ሐሙስ፣ 9፡40
ለ፦ ሸንበቆ ወንዝ ጤና ጣቢያ
ታካሚ፦ ቁጥር 0417፣ ሴት፣ 23 ዓመት
ውጤት፦ አሁን የምትወስደው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አይሠራላትም። በአስቸኳይ ይቀየር። ወደ ቤቷ አትሂድ።

10.

ወረፋውን ለማጽዳት አርባ ደቂቃ እንደሚያስፈልገኝ ነገርኳቸው። ጋሽ ደምለው አልሰሙኝም፤ ደብተራቸውን እየገለጡ ነበር። ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ። በየዓርቡ የሚደጋገም አንድ መስመር፦

«ዓርብ 4፡00፣ አይሱዙው ይነሳል። እንይሽ በሽተኛ ትሸኛለች፤ ትዘገያለች።»

ከሸንበቆ ወንዝ ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና እሱ ብቻ ነው። የሚቀጥለው በሳምንቱ።

3፡56።

11. ስልክ

ጋሽ ደምለው፦ እንይሽ፣ ደምለው ነኝ።

ሲስተር እንይሽ፦ ጋሽ ደምለው፣ እንደምን አደሩ? ቤተሰብ ደህና ነው? እርስዎስ ወገብዎን እንዴት—

ጋሽ ደምለው፦ ሰላምታውን ተይው።

(በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ብለዋት አያውቁም።)

ጋሽ ደምለው፦ ቁጥር 0417።

ሲስተር እንይሽ፦ አንጓች? አሁን ሸኘኋት። ሁለት ሳምንት በረንዳ ላይ ውጤቷን ጠበቀች። ዛሬም አልመጣም ስላት ልጇን አዝላ ወጣች። ያንኑ መድኃኒት የወሩን ሰጥቻታለሁ።

ጋሽ ደምለው፦ መድኃኒቱ አይሠራላትም። መልሻት።

12.

ስልኩን አልዘጋችውም። ጠረጴዛው ላይ ጥላው ስትሮጥ ሰማን።

ጋሽ ደምለው ሰዓታቸውን እንደገና ፈትተው በመሀላችን አስቀመጡት። እኔ ፕሮግራሙ ላይ የጨመርኳቸውን ሁለት መስመሮች አጠፋሁ። ፕሮግራሙንም አቆምኩት። እዚህ ላይ ስለ ጸጸት እንድጽፍ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ጊዜ አልነበረኝም፤ እያዳመጥኩ ነበር።

ሞተር።

ጥሩምባ።

የሚጮህ ሕፃን፤ ግን ጤና ጣቢያ ነው፣ ሕፃን ሁልጊዜ ይጮኻል።

ሞተሩ ራቀ ወይ ጠፋ። በስልክ አይለይም።

ቀጥሎ ጠጠር ላይ የእግር ኮቴ።

«የስንት ሰው ነው?» አልኳቸው።

«ዝም በይ፣ እየቆጠርኩ ነው።»

13. ከጋሽ ደምለው ደብተር

ቀን፦ ዓርብ
ጣቢያ፦ ሸንበቆ ወንዝ
መልስ የፈጀው፦ 4 ደቂቃ ከ20
ወደ ስልኩ የመጡት፦ ሁለት፤ አንዷ ሕፃን ያዘለች።