ግማሽ ደመና

ለእትዬ ሰሌን ስም ያወጣላት ሥራዋ ነው። ከአሮጌው ግንብ በር ፊት ለፊት፣ ከትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ የሰሌን ባርኔጣ ትሠራለች፣ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን አሳድጋ አናጢ ያደረገችው በዚያች ጥላ ነው። ከግንቡ የሚወጣ ሰው ፀሐዩ አናቱን ሲለው መጀመሪያ የሚያየው እሷን ስለነበር፣ በሻጮቹ ተራ ውስጥ እንደ እሷ ቦታ የሚቀናበት አልነበረም።

ተራው የራሱ ሕግ ነበረው። የውጭ አገር ሰው ብቅ ሲል ቀድሞ ያየው ሻጭ "ደመና!" ብሎ ይጣራል። ደመና ካለ ዝናብ አይቀርምና ሁሉም ዋጋውን እጥፍ ያደርጋል። በዚህ መሀል ዋጋ የሰበረ፣ ቦታውን ተቀምቶ ከተራው ጫፍ፣ ከፍሳሹ ቦይ አጠገብ ይጣላል። ሕጉን ያወጡት የተራው አለቃ ጋሼ መነጽር ሲሆኑ፣ ከሁሉ ቀድማ "እሰይ!" ያለችው ራሷ እትዬ ሰሌን ነበረች። "ባርኔጣ ገዝቶ የደኸየ የውጭ ሰው አላየሁም" ትል ነበር። ደግሞ ጥቅሙ አይካድም፤ ደመናው እጥፍ ስለሚከፍል ለተሸካሚውና ለቀን ሠራተኛው በርካሽ ትሰጣለች።

ታዲያ እግዜርም ቀልድ ያውቅበታል። አናጢው ልጇ ሄዶ ሄዶ ደመና አገባ።

ምራቷ የግንቡን ጣሪያ ሊጠግኑ ከመጡት የውጭ ሰዎች አንዷ ነበረች። ከአናጢው ጋር አንድ መወጣጫ ላይ ሲውሉ ተዋደዱ፤ ጣሪያው አለቀ፣ እሷ ቀረች። በመጣች ሰሞን ከእትዬ ሰሌን ባርኔጣ ገዝታ ነበር፤ እጥፍ እንኳ አይደለም፣ በሦስት እጥፍ። "በከፈልኩት ልክ ቢሆን ሦስት ሰው ያስጠልል ነበር" እያለች እስከ ዛሬ አማቷን ታሾፍባታለች። ቋንቋውን ለመደች፣ ጎረቤቱን ለመደች፣ እንግዳ ሲመጣ "አፈር ስሆን አንዴ ብቻ" ብሎ መለመንን ሳይቀር ለመደች። በተራው በኩል ስታልፍ ግን "ደመና!" መባሏ አልቀረም። ሳሙናውም ሻማውም በእጥፍ ነበር። ባሏ "ተዪው፣ ይለምዱሻል" ይላታል። እትዬ ሰሌንም ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። ምራቷን ትወዳታለች፤ ጥላዋንም ትወዳለች።

ምራቷ ወለደች። ሕፃኑ ጠንከር ሲል አዝላው ወደ ተራው ወረደችና ከጨርቅ ሻጯ ፊት ቆመች።

"ደመና!" አለች ጨርቅ ሻጯ፣ እንደ ልማዷ።

"እሺ፣ እኔ ደመና ልሁን" አለች ምራቷ እየሳቀች። "ጨርቁ ግን ለሱ ነው። እሱ የተወለደው እዚህ ነው።"

ጨርቅ ሻጯ የሕፃኑን ፊት ገለጥ አድርጋ አየችው። አፍንጫው የአናጢው ነው፤ መልኩ ግን ወደ እናቱም ወደ አባቱም አላደላም። "ጋሼ!" ብላ ተጣራች። "ይሄኛውስ በስንት ይታሰብ?"

ጋሼ መነጽር ሕፃኑን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። "ግማሽ ደመና ነው። አንድ ተኩል ይክፈል" ብለው ፈረዱ።

ተራው በሳቅ ተንከተከተ። ምራቷ አብራ ልትስቅ ሞክራ ከንፈሯ እምቢ አላት። ጨርቁን መልሳ አስቀመጠችና የልጇን ራስ ሸፈነች።

እትዬ ሰሌን ይህን አየች። የጀመረችውን ባርኔጣ ወርውራ ተነሣች።

"ማነው ግማሽ?" አለች። "ሲያለቅስ ግማሽ ሌሊት ነው እንዴ የሚያለቅሰው? ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያነጋው!"

"ቀልድ እኮ ነው፣ አንቺ ደሞ!" አለች ጨርቅ ሻጯ።

"ቀልድ ከሆነ ለምን ገንዘብ ይቀበላል?"

"ወይ ጉድ! በሦስት እጥፍ የሸጥሽላት አንቺ አይደለሽ እንዴ? የልጅ ልጅ ሲመጣ ጻድቅ ሆንሽ?"

እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ ታቃጥላለች። እትዬ ሰሌን አልካደችም። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች። "አፍሬያለሁ። አንቺም ብታፍሪ አይከፋም ነበር።" ወዲያው ከግንቡ በር አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ ላቡን እየጠረገ ብቅ አለ። "ደመና!" ተባለ። እትዬ ሰሌን ባርኔጣ አንስታ ራሱ ላይ ደፋችለትና፣ ተራው ሁሉ እንዲሰማ ለተሸካሚው የምትሸጥበትን ዋጋ ጮክ ብላ ጠራች።

በማግስቱ ዕቃዋን ከፍሳሹ ቦይ አጠገብ አገኘችው።

እዚያ ጥላ የለም፤ ዝንብ ግን እንደ ልብ ነው። እትዬ ሰሌን እንደ ንግሥት ተዘርፍጣ ተቀመጠች። ደመና ከሌለ ርካሽም የለምና፣ ለሁሉም አንድ ዋጋ ቆረጠች፤ ከቀድሞው ርካሽ ትንሽ ከፍ ያለ። ተሸካሚው መጣ፣ ባርኔጣውን አገላብጦ አየው፣ ዋጋውን ሲሰማ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠና ባዶ ራሱን ሄደ። ከቦዩ ሽታ ይልቅ ይሄ አንገበገባት። ጋሼ መነጽር ያኔ ሕጉን ሲያወጡ "እጥፉ ለድሃው ነው" ያሉት ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም ማለት ነው። ተናደደች፤ በእሳቸውም በራሷም።

"ድሃውን ልርዳ ካሉ ድሃውን ይዩ እንጂ እማዬ" አለቻት ምራቷ፣ ቦዩ ዳር አብራት ተቀምጣ ልጇን እያጠባች። "መልክ ምን ያደርግልዎታል?"

እትዬ ሰሌን ተሸካሚውን ሮጣ መለሰችው። ከዚያን ቀን ወዲያ ፀሐይ ላይ የሚሠራ በርካሽ፣ ፀሐይ ላይ የሚዝናና በውድ ገዛ፤ ከየትም ይምጣ። ድንጋይ የሚጠርብ አንድ የውጭ አገር ግንበኛ በርካሽ ወሰደ። መኪናውን አቁሞ የወረደ አንድ የአገሩ ባለሀብት ግን ዋጋውን ሰምቶ "እኔ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ!" ብሎ ፎከረ።

"ተሸካሚውም የዚሁ አገር ልጅ ነው" አለችው። "እሱ ግን መኪና የለውም።"

ሰውየው ተሳድቦ ሄደ። ያን ቀን ሌላ ገዢ አልመጣም። አንዳንዱ ቀን እንዲህ ነው፤ ባዶ እጅ ይገባል። ጉልበቷ በሙቀቱ አበጠ፣ አናጢው ልጇም "ምን ነካሽ እማዬ፣ ይቅርታ ጠይቂና ተመለሺ" እያለ ነዘነዛት።

አንድ ቀን ጋሼ መነጽር ራሳቸው ወደ ቦዩ ወረዱ። አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘዋል።

"ሰሌን፣ ይብቃሽ" አሉ። "ወደ ጥላሽ ተመለሺ። ተራው ተስማምቷል። ለሌላው ሕጉ እንዳለ ነው፤ ምራትሽንና ልጁን ግን ለአንቺ ስንል እንደ አገር ሰው እንቆጥራቸዋለን።"

ጥላዋን ከሩቅ አየቻት። እውነቱን ለመናገር፣ አማራት። ምራቷ አጠገቧ የሕፃኑን ራስ ከፀሐዩ በእጇ እየከለለች ቆማለች።

"ለእኔ ስትሉ?" አለች እትዬ ሰሌን።

"ለአንቺ ስንል።"

"እኔ ስሞትስ፣ ጋሼ?"

"ኧረ እግዜር ያቆይሽ!"

"ያቆየኝ። ግን ስሞትስ? እኔን ቀብራ ስትመለስ፣ በዚህ ስታልፍ ምን ብላችሁ ልትጠሯት ነው?"

እትዬ ሰሌን ከቦዩ ዳር አልተነሣችም። ጋሼ መነጽር መሐረቡን ከአፍንጫቸው አወረዱ። ወደ ምራቷ ሊያዩ ቀና አሉ፤ እሷ እያየቻቸው ነበር።